ከልጆች ጋር ከለ ፑይ እስከ ኮንክ

እህቴ፣ ከልጆች ጋር በደቡብ ፈረንሳይ በእግር ተጉዞ፣ በድንኳን እያደሩ መሳለም ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። በደንብ ይቻላል! የቅዱስ ያዕቆብ የተሳላሚዎች መንገድ የሚያልቀው ስፔን፣ ሳንቲያጎ ከተማ ነው፤ እናንተ ግን እስከዚያ አታስቡ። በዚሁ መንገድ ላይ ከለ ፑይ ከተማ እስከ ኮንክ መንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለልጆች ይበቃል። ጂ አር 65 የሚባለው መንገድ በቀይና ነጭ ምልክት ይመራችኋል። በለ ፑይ ካቴድራል ከጠዋቱ ቅዳሴ በኋላ ተጓዦች ይባረካሉ፤ ልጆቹን ከእንቅልፍ ቀስቅሳችሁም ቢሆን አይለፋችሁ።

ለማደሪያ የማዘጋጃ ቤት የካምፕ ቦታዎችን እመርጣለሁ። ርካሽ ናቸው፣ ሻወርም አላቸው። በብርዱ ወራት ብዙዎቹ ስለሚዘጉ በጁን ሂዱ። በመንገዱ መካከል ኦብራክ የሚባለው ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ የሚደርስ ገላጣ ሜዳ ነው፣ ነፋሱም ድንኳን ይነቅላል። እዚያ በእንግዳ ማረፊያ እደሩ፤ አስቀድማችሁ ደውሉ። ጓዝ ከከበዳችሁ አህያ ይከራያል፤ ልጆቹም ይወዱታል።