ማንም ሳይከፍተው ሌሊት የሚነሳ ፓምፕ

ጥያቄው ጎንደር ማራኪ አካባቢ ከሚኖሩ አንባቢ የመጣ ነው፤ አሳጥሬ ላቅርበው። «ቤታችን አምስት ሰው ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ 1,000 ሊትር ሮቶ አለን። ድሮ አንድ ሳምንት ያደርሰን ነበር፣ አሁን በአራተኛው ቀን ያልቃል። ከሮቶው ሥር አውቶማቲክ ፓምፕ ካስገጠምን ወዲህ ሻወሩ ደህና ሆኗል፤ ግን ሌሊት ማንም ውሃ ሳይከፍት ፓምፑ ይነሳና ጥቂት ሴኮንድ ሠርቶ ይቆማል። የመብራት ካርድም ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው። ጎረቤት ቦይለሩ አርጅቷል ቀይሩት ይላል፣ ባለቤቴ ደግሞ ሁለተኛ ሮቶ እንግዛ ይላል። የቱ ይሻላል?»

ሁለቱንም ገና አይግዙ። ሮቶ ቢጨምሩ የሚፈሰው ውሃ ይበዛል እንጂ አይቆምም፤ አዲስ ቦይለር ቢሰቅሉም ያው የሚያፈሰው መስመር ላይ ነው የሚገጠመው። ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁ ፍንጭ የፓምፑ ነገር ነው።

አውቶማቲክ ፓምፕ የሚነሳው በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ነው። ሁሉም ተዘግቶ ግፊቱ ከወረደ፣ ወይ ውሃው የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፣ ወይ በፓምፑ በኩል ተመልሶ ወደ ሮቶው እየገባ ነው። አንዳንድ ሰው የፓምፑ ፊኛ (ግፊቱን የሚይዘው አየር ያለበት ትንሽ ጋን) አየር ስለጎደለው ነው ይላል። የአየር ማነስ መነሳቱን ያበዛዋል እንጂ፣ ፍሳሽ ሳይኖር በራሱ አያስነሳውም። ፓምፑ ከመግባቱ በፊት ለምን አልታየም ካሉ ደግሞ፣ ሮቶ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው፤ የቤት ፓምፕ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ባር ይሰጣል። በትንሹ ግፊት ጠብ ሳይል ለዓመታት የኖረ ያረጀ ጎሚኒ (ቧንቧው ውስጥ ውሃውን የሚዘጋው ላስቲክ) በዚህኛው አይችልም።

መጀመሪያ ስንት እንደሚጠፋ ይለኩ። ውሃ ከማይመጣበት ቀን አንዱን ይምረጡ፤ ወደ ሮቶው የሚያስገባውንም ቫልቭ ይዝጉ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ወደ ሮቶው አስገብተው ውሃው የደረሰበትን ምልክት ያድርጉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንም ፊቱን ሳይታጠብ ይድገሙት። የሮቶው ወርድ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 9 ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ነው። የእርስዎ ሮቶ ሳምንት ሲያደርስ በቀን 143 ሊትር ትጠቀሙ ነበር፤ አሁን 250 ሆኗል። ልዩነቱ 107 ሊትር ነው። ይህ ሁሉ ፍሳሽ ከሆነ በስምንቱ ሰዓት ውስጥ ውሃው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከወረደ ግን ፍሳሹ አለ፣ የቀረውን የሚወስደው ግን ሻወሩ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ ቦታውን መፈለግ ነው። ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም፣ ጆሮ ብቻ ይበቃል። የቦይለሩን ማብሪያ ያጥፉና ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ይዝጉ፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ምልክት ያለበት ነው። ከዚያ ፓምፑን ያዳምጡ። መነሳቱን ከተወ፣ ፍሳሹ ያለው በሙቅ ውሃው በኩል ነው። ካልተወ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ አጠገብ ያለውን ትንሽ ቫልቭ ይዝጉ፣ እንደገና ያዳምጡ። እሱንም ዘግተው ከቀጠለ፣ ከፓምፑ መውጫ ላይ ያለውን ዋና ቫልቭ ይዝጉ። አሁንም የሚነሳ ከሆነ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቼክ ቫልቭ ቆሻሻ ይዞታል ወይም ተበልቷል፤ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። በተለይ ክረምት ላይ ደለል የበዛበት ውሃ ስንቀበል ይሄ ያጋጥማል። ዋናው ሲዘጋ ጸጥ ካለና ከፊት ያሉት ሁለቱ ነፃ ከወጡ ግን፣ የቀሩት ሌሎቹ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧዎችና ግድግዳ ውስጥ ወይም መሬት ውስጥ የተቀበረው መስመር ናቸው። ያኔ ሰው ይጥሩ።

እኔ ግን የምጠረጥረው ሙቁን ነው፤ ምክንያቱም ውሃውና መብራቱ አብረው ነው የጨመሩት። ለማረጋገጥ አንድ ቀን ማታ ቦይለሩ ከሞቀ በኋላ ሳያጠፉት፣ ማንም ሙቅ ውሃ ሳይከፍት ይደር። ጠዋት ከቦይለሩ ክንድ ያህል ርቆ ያለውን የሙቅ ውሃ መውጫ ቧንቧ በእጅዎ ይንኩ። ቦይለሩ ሥር ያለው መሞቁ ያለ ነው። ክንድ ርቆ ለብ ካለ ግን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲሄድበት አድሯል። ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ከገባ፣ በሲንኩ ሥር ወደ ሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛ ወደሚያደባልቀው ቧንቧ) የሚወጣውን የሙቅ ውሃ ቱቦ ይንኩ።

ከሙቁ ቧንቧ የሚንጠባጠብ ካገኙ ከሥሩ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ያስቀምጡና ሰዓት ይያዙ። በ10 ደቂቃ ከሞላ በቀን 36 ሊትር ነው። ውሃው ሲገባ 18 ዲግሪ ነው፣ ቦይለሩ ደግሞ ወደ 60 ያደርሰዋል ብለን ብናሰላ፣ 36 ሊትሩን ለማሞቅ በቀን 1.76 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 53 ገደማ ይሄዳል። የመብራት ታሪፉ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ይህች ጠብታ ብቻዋን አንድ ሙሉ እርከን ትበላና ሌላውን ፍጆታችሁን በውድ ዋጋ ወደሚታሰበው ታስገባዋለች።

ባለ ሁለት እጀታ ቧንቧ ከሆነ ጎሚኒው ይቀየራል፤ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብዙ ሰው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እጀታውን በኃይል ያጠብቃል፣ ላስቲኩም ጭራሽ ይቆረጣል። ጎሚኒ የሚቀይርልዎትን ሰው ከሥር ያለውን የናስ መቀመጫ በጣቱ እንዲዳስስ ያድርጉት፤ ከተቦረቦረ አዲሱም ጎሚኒ ወር አይቆይም። ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ከሆነ የሚቀየረው ካርትሬጁ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል ነው፤ አሮጌውን ይዘው ሄደው ልኩን ይግዙ።

የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ማለትም ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚለቀው ቫልቭ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪሞቅ ድረስ እስከ ሦስት ብርጭቆ ቢያንጠባጥብ ጤነኛ ነው። ቦይለሩ ሳይበራም የሚያንጠባጥብ ከሆነ እጀታውን ጥቂት ጊዜ ከፈት ዘጋ አድርገው ቆሻሻውን ያጥቡት፤ ካልተወ ይቀየር። ይህ ቫልቭ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ስለሚገጠም የሚያባክነው ውሃ እንጂ መብራት አይደለም። ብቻ ጫፉን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ የደፈኑ ቤቶች አይቻለሁ። እባክዎ አያድርጉት፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት የተበላሸ ቀን ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል።

ሽንት ቤቱን ለመመርመር ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ከላይ ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጨምሩና ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ ይጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ የታችኛው ላስቲክ እያሳለፈ ነው።

ሻወሩ ጋ ስመለስ፦ ፓምፑ ባመጣው ግፊት ያው አምስት ደቂቃ መታጠብ የድሮውን እጥፍ ሊፈጅ ይችላል። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሥሩ ያስቀምጡ። ከአንድ ደቂቃ በታች ከሞላ በዝቷል፤ ወደ ሻወሩ የሚሄደውን ቫልቭ ካለው ትንሽ ይዝጉት፣ ወይም ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሻወር ራስ ይግጠሙ። ቅናሹ በሙቁም ነው።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር። ፈረቃው ሲደርስ ከውሃው በፊት አየር ይመጣል፣ ቆጣሪው ደግሞ አየሩንም ይቆጥራል። ቧንቧ ከፍቶ ጀሪካን ደርድሮ የሚጠብቅ ቤት ያንን ፉጨት በገንዘቡ ነው የሚገዛው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ዘግተው ይቆዩ፤ ጎረቤት ውሃው መጣ ሲል ጥቂት ደቂቃ ታግሰው ይክፈቱ። ሮቶው የሚሞላው ከላይ ሳይሆን ከታች ከሆነ ደግሞ ቼክ ቫልቭ መኖሩን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ መስመሩ ባዶ ሲሆን የእናንተ ውሃ ወደ ጎረቤት ይወርዳል።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁ ሮቶው ወደ ሳምንቱ ከተመለሰና የፈረቃው ርቀት ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ፣ ያኔ የባለቤትዎ ሐሳብ ትክክል ነው፤ ሁለተኛውን ይግዙ። ቦይለሩን ግን አይቀይሩት። ቀኑን ሙሉ ከማብራት፣ ባለ 50 ሊትርና 1,500 ዋት ከሆነ ከመታጠቢያው ሰዓት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቀድመው ያብሩት፤ 50 ሊትሩ ይሞቃል።

መብራቱ አሁንም ካልቀነሰ የሚቀረው ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ለማሟሸት የሚሄደው ሩብ ሰዓት ብቻ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በሳምንት ሁለቴ ከመጋገር ሊጡ ከበቃ አንዴ ይጋግሩ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎችም አጥፍተው በያዘው ሙቀት ያውጡ። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት አይጋግሩ። በዚያ ሰዓት ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቆያል፣ እርስዎም ምጣዱን ረጅም ሰዓት ያበሩታል። ከጋገሩ በኋላ የምጣዱን ሶኬት ይንኩት። የሚያቃጥል ከሆነ ውስጡ ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል፤ ያ ምጣድ ለብቻው ወፍራም መስመር እስኪዘረጋለት ድረስ አይሰካ።