የድሮ የምርጫ ካርታ ቦታዬን ያጸናልኛል?

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ድሬዳዋ፣ ከመልካ ጀብዱ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። አካባቢያችን ለተወካዮች ምክር ቤት በየትኛው የምርጫ ክልል እንደነበረ፣ ወሰኑም መቼ መቼ እንደተቀየረ እንዲያስረዱኝ እለምናለሁ። ቦታው ላይ ከገባሁ ጀምሮ የመረጥኩት በድሬዳዋ ሥር ነው፤ የምርጫ ጣቢያችን ግን ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። የድሮውን ካርታና የመራጮች መዝገብ ከምርጫ ቦርድ ማውጣት ይቻላል? በአስቸኳይ ያስፈልገኛል።»

መልስ፦ የጠየቁኝን በአጭሩ፣ ያልጠየቁኝን በሰፊው እመልሳለሁ፤ አይቀየሙኝ።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሩን በተቻለ መጠን 200,000 ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ መደበ። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ለብቻው እንደራሴ እንዲኖረውም ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ድሬዳዋ በሐረርጌ ሥር ነበረች። በ1979 ለተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ (የያኔው ፓርላማ) 835 መቀመጫ ተሸነሸነ፤ ጥቂት ቆይቶ ድሬዳዋ ራስ ገዝ ተባለች። የዛሬው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 54 የተወካዮችን ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ገደበው። አሁን ካሉት 547 መቀመጫዎች ድሬዳዋ ሁለት፣ ሐረሪም ሁለት አላቸው።

ወሰን እንዴት ይቀየራል ላሉት፣ መንገዱ በዚሁ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ላይ አለ። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል፤ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዝሟል፤ ስለዚህ ክለሳው የሚነሣበት አዲስ ቁጥር የለም። እርስዎ ሲቀየር ያዩት የምርጫ ጣቢያውን ነው እንጂ የምርጫ ክልሉን አይመስለኝም። ጣቢያ የመራጩ ቁጥር ሲበዛ ይከፈላል፣ ቦታም ይዛወራል።

(በነገራችን ላይ፣ በ1999 ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረሪ 183,415 ሰው ነበራቸው። ለሁለት ለሁለት ወንበር ሲካፈል የድሬዳዋ ተወካይ ወደ 171,000፣ የሐረሪው ወደ 92,000 ሰው ይወክላል። ይህን ይዞ ቢመጣ ደስ ብሎኝ የምከራከርለት ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።)

እርስዎም ለዚህ አልመጡም። ደብዳቤዎን ሳነብ ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ «ከገባሁ ጀምሮ» እና «በአስቸኳይ» የሚሉት ላይ። የድሮ የምርጫ ካርታ በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ሰው ከካርታው ጀርባ ሌላ ጉዳይ አለው። እንዴት እንደገቡ ግን አንድ መስመር አልጻፉም። ግምቴን ልናገር፦ ቦታውን ከገበሬ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ውል ገዝተዋል፤ በቅርቡ የአንሱ ወይም የልቀቁ ወረቀት ደርሶዎታል፤ አንድ «አዋቂ» ደግሞ በድሬዳዋ ሥር ስትመርጥ መኖርህን ካሳየህ ይዞታው ይጸናልሃል፣ ካሳም ታገኛለህ ብሎዎታል። ግምቴ ከሳተ የቀረውን አያንብቡ።

ካልሳተ ግን፣ ይሄ ምክር ስንቱን ጉድ እንደሠራ አይጠይቁኝ፤ የመራጭነት ካርድ በፕላስቲክ ሸፍኖ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው አላጣሁም። የምርጫ ክልል የተሠመረው ድምፅ ለመቁጠር ነው። መሬቱን የሚያስተዳድረው ድሬዳዋ ይሁን አጎራባች የኦሮሚያ ወረዳ፣ በዚያ መስመር አይወሰንም። አስተዳደሩ ቢታወቅ እንኳ የቦታው ባለይዞታ ማን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ምርጫ ጣቢያ ሲመዘግብዎት የሚያየው ዜግነትዎን፣ ዕድሜዎንና በምርጫ ክልሉ 6 ወር መኖርዎን ነው። የቤቱን ካርታ አምጡ አላለዎትም፤ ተከራይም ጥገኛም ይመርጣል። ታዲያ ካርዱ በዚያ አካባቢ ኖረዋል ከማለት አልፎ ምን ይናገርልዎታል?

የባሰው ደግሞ ወረቀቱ ዞሮ እርስዎን ሊመታ መቻሉ ነው። ፋይል ውስጥ የገባ ሰነድ የተቃራኒ ወገንም ሰነድ ነው። በአቤቱታዎ ከ1995 ጀምሮ እዚያ ነበርኩ ብለው፣ በ1997 ከተማው ውስጥ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ሰፈር ለምርጫ ተመዝግበው ከተገኙ ጠበቃዎ ምን ይበል? መዝገቡን ለማስወጣት ከመሮጥዎ በፊት መዝገቡ ምን እንደሚል ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ሥሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ውሉ «ስጦታ» ወይም «ብድር» ተብሎ ቢጻፍም የተከፈለው የመሬት ዋጋ ከሆነ ፈራሽ ነው። ፈራሽ ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1815)፤ ስለዚህ ክርክርዎ ምናልባት ከአስተዳደሩ ይልቅ ገንዘብዎን ከተቀበለው ሰው ጋር ሊሆን ይችላል። ይህን መስማት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቀኑን ወደ ኋላ ጎትተን አዲስ የስጦታ ውል እንጻፍ የሚልዎት ካለ ግን ይሽሹት፤ ያ የፍትሐ ብሔር ጉዳይዎን ወንጀል ያደርገዋል።

የሚገርመው፣ እርስዎ የጠየቁኝ የምርጫ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው ደግሞ 1161/2011። አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ቢመለሱ ጉዳይዎን ያገኙታል። ይህ የካሳ አዋጅ ሲወጣ ለቅሬታ የሰጠው ጊዜ ትእዛዙ ከደረሰበት 30 ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ አለ፤ የእርስዎን ቀን ወረቀቱን ያየ ጠበቃ ያስላልዎት። ድሬዳዋ ላይ የከተማው ፍርድ ቤቶችና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን ስለሚሠሩ፣ ሥልጣን የሌለው ችሎት በር ላይ ቀኑ የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ የምርጫ ካርታውን ይተዉትና እነዚህን ይሰብስቡ፦ የደረሰዎትን ማስጠንቀቂያ ከነደረሰበት ቀን፣ ዋናውን ውል፣ ገንዘቡ የተከፈለበትን ማስረጃ፣ የሻጩን የይዞታ ደብተር ቅጂ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ (ግብሩ ለየትኛው አስተዳደር እንደተከፈለ የሚያሳየውን)፣ የመብራት ቢል። በሕይወት ያሉትን የውል ምስክሮች ስምም ይያዙ። እኔ ከደብዳቤ ላይ ገምቼ ነው የጻፍኩት፤ ሰነዶቹን ያላየ ጠበቃ ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጥዎት አይችልም፣ ከሰጠዎትም አይመኑት። ጠበቃ እስኪያገኙ ቀበሌ ጠርቶ «ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርብልዎ፣ ቅጂውን ይጠይቁ እንጂ አይፈርሙ።