የወገብ ሕመም መስሎ የሚያዘናጋው የህብለ ሰረሰር ፊስቱላ፦ ጥያቄና መልስ

የነርቭ ሐኪም ነኝ። ስለ ህብለ ሰረሰር የደም ሥር ፊስቱላ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ፊስቱላ ከወሊድ ጋር የሚመጣ ችግር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ በአገራችን ስሙ የታወቀው በዚያ ነው። ይኸኛው ሌላ ነው። የህብለ ሰረሰር ሽፋን በሆነው ዱራ ላይ ደም ቅዳ በቀጥታ ወደ ደም መልስ ይገባል። ግፊቱ ሲያይል ደሙ መውጫ ያጣል፤ ህብለ ሰረሰሩም ያብጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ጥቂት ሲራመዱ እግራቸው ይከዳቸዋል። የወገብ ኤምአርአይ የዲስክ መንሸራተት አሳይቷል። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ ላይበቃ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ኤምአርአይ ቢነሳ እንኳ ያረጀ ዲስክ አይታጣበትም። ፊስቱላውም በብዛት የሚይዘው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ነው፤ በእግር ጉዞም ይብሳል። እስኪ አባትህን ጠይቃቸው፦ ድንዛዜው ከእግራቸው ወደ ላይ እየወጣ ነው? ሽንት መቋጠር ወይም መሽናት አስቸግሯቸዋል? (ይህን ሁሉም በፕሮስቴት ያመካኘዋል፤ በጣም ያሳዝነኛል።) መልሱ አዎ ከሆነ የደረት አከርካሪያቸውም ኤምአርአይ ይነሳ። ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከመጀመሪያው የወገብ አጥንት አካባቢ ስለሆነ የወገብ ፊልም የሚያሳየው ጫፉን ብቻ ነው። የሚፈለገው በህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ያለ እብጠትና በጀርባው በኩል የተጠማዘዙ ጥቋቁር የደም ሥሮች ናቸው። ፊልሙን የሚያነበው ሐኪም ጥርጣሬው አስቀድሞ ይነገረው።

ጥያቄ፦ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) በተሰጠኝ ማግስት መቆም አቃተኝ። ይያያዛል?

መልስ፦ ሊያያዝ ይችላል። በፊስቱላ ሕሙማን ላይ እንዲህ ያለ ድንገተኛ መባባስ ታይቷል። ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነው?

መልስ፦ ድሮ ነበር። ሐኪሞች በህብለ ሰረሰሩ ላይ የተጋደመውን ረጅም ደም መልስ ሙሉውን ይልጡት ነበር። በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኬንዳልና ሎግ የተባሉ የብሪታንያ ሐኪሞች ችግሩ ዱራው ላይ መሆኑን አሳዩ። ዛሬ ቦታው በአንጂዮግራፊ (ቀለም ተወግቶ በሚነሳ የደም ሥር ራጅ) ይለያል፤ ከዚያ ያችው መገናኛ በቀዶ ሕክምና ትቆረጣለች ወይም በቀጭን ቱቦ በሚገባ ሙጫ ትደፈናለች።

ጥያቄ፦ ከታከምኩ በኋላ ሽንቴ ይስተካከላል?

መልስ፦ ቃል አልገባልዎትም። አካሄድ ከሽንት ይልቅ ቶሎ ይሻሻላል። ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሕክምናው ሲጀመር እግርዎ የነበረው አቅም ነው፤ አሁን በከዘራ የሚሄዱ ከሆነ ዊልቸር ላይ እስኪቀመጡ አይጠብቁ።