605 ይዞ ማመልከት ወይስ ጂማትን ደግሞ መፈተን?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሐምሌ ላይ ለኤምቢኤ (ለቢዝነስ ማስተርስ) ማመልከቻ የሚሆነውን ጂማት ተፈትነሽ 605 አምጥተሻል። ኳንት (ሒሳብ) 84፣ ቨርባል (ንባብና አመክንዮ) 80፣ ዳታ ኢንሳይትስ (የሰንጠረዥና የመረጃ ትንተና) 76። ቤት ስትለማመጂ ግን 635 እና 655 ታገኚ ነበር። ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ትሠሪያለሽ፤ ስኮላርሺፕ ካልተገኘ ደግሞ መሄድ አይታሰብም። በዚህ ውጤት የመጀመሪያውን የማመልከቻ ዙር ልሞክር ወይስ ፈተናውን ልድገም ነው ያልሽው።

እኔ ደግመው ከተፈተኑትና ከተሻሻለላቸው ነኝ። ከዚያ ወዲህም ለኤምቢኤ የሚዘጋጁ ልጆችን ሳግዝ ቆይቻለሁ። ብዙዎቹ ውጤቱን አይተው በንዴት ወይም በተስፋ መቁረጥ ነው የሚወስኑት። እኔ መጀመሪያ የማየው በልምምዱና በፈተናው መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

655ቱን ትንሽ ልጠርጥረው። የፈተናው ባለቤቶች በነጻ የሚሰጡት ሁለት መለማመጃ ፈተና ነው። ደግመሽ ስትሠሪያቸው ቀድሞ ያየሻቸው ጥያቄዎች ሊመጡ ይችላሉ። መልሱን ባታስታውሺ እንኳ መንገዱ አይጠፋሽም፤ ውጤቱም ከአቅምሽ በላይ ይሆናል። መሀል ላይ አቁመሽ ስልክ አንስተሽ ከነበረም ያው ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ ሳታቋርጪ የሠራሽውን ብቻ ቁጠሪ። እሱ 635 ከሆነ የፈተናው ቀን የሆነ ነገር ተበላሽቶብሻል፤ ያ ደግሞ ይስተካከላል። ወደ 605 የሚጠጋ ከሆነ ግን ፈተናው ትክክለኛ አቅምሽን ነው ያሳየሽ። ያኔ መድገም የሚያዋጣው ለጥናት የሚሆን በቂ ወራት ካለሽ ነው። ደንቡ 16 ቀን ጠብቀሽ እንድትገቢ፣ በ12 ወር ውስጥም እስከ 5 ጊዜ እንድትፈተኚ ይፈቅዳል። ዝግጅቱ ሳይቀየር ቶሎ ቶሎ የሚገባ ሰው ግን ባብዛኛው እዚያው ነው የሚሽከረከረው።

አሁን ቁጥሩን እንየው። ሦስቱ ክፍሎች እኩል ነው የሚመዝኑት። ያንቺ ድምር 240 ነው፤ ግብሽን 645 እናድርገው ብንል እሱን የሚያመጣው ድምር 246 ገደማ ነው። የጎደለሽ 6 ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው! ኳንት ላይ 6 መጨመር ማለት 90 ማምጣት ነው፤ ያ ደግሞ ጣሪያው ነው። እሱን እንዳይዝግ ብቻ አድርጊውና ተዪው። ዳታ ኢንሳይትስን ወደ 80፣ ቨርባልን ወደ 82 ማድረስ ግን ከአቅምሽ በላይ አይደለም። የማየው ስህተት ሰው የሚወደውን ክፍል ነው የሚያጠናው። እኛ አገር ደግሞ ሁሉም ሒሳብ ላይ ነው የሚተኛው።

ዳታ ኢንሳይትስ 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው። ብድር ክፍል የሚሠራ ሰው ሰንጠረዥ ሲያይ ሁሉንም ካላነበበ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሥራው ነዋ። እዚህ ግን መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቢ፣ ከዚያ የሚፈለገውን ቁጥር ብቻ ፈልጊ። በርካታ ገጽ ያለው ጥያቄ ሲመጣ ደቂቃሽን እንዳይበላው ገደብ አበጂለት። ያልተመለሰ ጥያቄ ነጥብ ስለሚያስቀንስ እየገመትሽም ቢሆን ጨርሺ። ክፍሉ ሳይዘጋ ተመልሰሽ እስከ 3 መልስ መቀየር ትችያለሽ። የክፍሎቹን ቅደም ተከተል የምትመርጪውም አንቺ ነሽ። እኔ ስደግም ዳታ ኢንሳይትስን መጨረሻ ላይ ከማድረግ ወደ መጀመሪያ አመጣሁት። ዓይኔም ጭንቅላቴም ሳይደክም ስለገባሁበት ከጥናቱ እኩል ጠቅሞኛል።

ብቀንስስ ብለሽ ፈርተሻል። ትምህርት ቤቶቹ የሚያዩት አንቺ የላክሽላቸውን ውጤት ብቻ ነው። 605ቱም ለ5 ዓመት ይሠራል፤ የትም አይሄድም። በነገራችን ላይ የአማካይ ውጤት ገጽ ስትከፍቺ የትኛውን ፈተና እንደሚያወሩ እይ። የድሮው ጂማት ጥር 2016 ላይ አብቅቷል፤ የድሮው 700 ከአሁኑ 645 ጋር ነው የሚቀራረበው። ስለዚህ 605 የድሮው 600 እንዳይመስልሽ፤ ከዚያ በደንብ ይበልጣል።

የሚያሳስበኝ ገንዘቡና ጊዜው ነው። ክፍያው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። እንደዚያም ሆኖ ስኮላርሺፕ ካልተገኘ አልሄድም ለሚል ሰው ወጪው ያዋጣል ባይ ነኝ። ብዙ ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያከፋፍል ውጤትንም ይመለከታል።

የብዙዎቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር የሚዘጋው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ሁለተኛው በፈረንጆች ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ የእኛ ገና ሰሞን ነው። ሦስተኛውን እርሺው፤ ገንዘቡም ያልቃል፣ ለቪዛም ጊዜ አይተርፍም።

እኔ አንቺን ብሆን ለመጀመሪያው ዙር አልሮጥም ነበር። ካመለከትኩም 605 በተማሪዎቻቸው የውጤት ክልል ውስጥ ለሚገባበት አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እደግማለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥን ለኤሴይ (ከማመልከቻው ጋር ለሚላከው ጽሑፍ) እተዋለሁ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን አለቆችሽን ግን ከአሁኑ ያዣቸው። ኅዳር ላይም ፈተና እያጠናሽ ከሆነ ኤሴዩ ላይ ይታያል። አንድ ገበሬ አነስተኛ ብድር ፈልጎ መያዣ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ካንቺ በላይ የሚያውቅ አመልካች ስንት ይገኛል? ያ ታሪክ በጥድፊያ አይጻፍም።

ሌላው የመግቢያ ፈተና፣ ጂአርኢ፣ ይሻለኛል ወይ ላልሽው፣ ቨርባሉ ቃላት ላይ ያተኩራል። ኳንትሽ ጥሩ ሆኖ ሳለ አሁን መቀየሩ አልታየኝም።

የውጤት ሪፖርትሽ ላይ ጊዜሽን እንዴት እንደተጠቀምሽበት የሚያሳይ ክፍል አለ። የዳታ ኢንሳይትሱን ከፍተሽ ጊዜሽ የት እንዳለቀ ጻፊልኝ። 635ቱ የመጀመሪያ ሙከራሽ መሆን አለመሆኑንም ጨምሪበት፤ እሱ ካልሆነ ጥቅምት ያልኩት ይቀየራል።