ቢሾፍቱ ያለው ቤቴ የሚያስገባው ኪራይ አሜሪካ ውስጥ ታክስ ይጠየቅበታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ቆይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለእረፍት ይሆነናል ብለን ቢሾፍቱ ላይ 4 ሚሊዮን ብር ገደማ የፈጀ ቤት ሠራን። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ አምስት ሳምንት ያህል እናርፍበታለን፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት ደግሞ በወር 40 ሺህ ብር ይከራያል። ኪራዩን ወንድሜ ተቀብሎ በራሱ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጥልኛል፤ የአገር ቤቱንም ግብር እሱ ይከፍላል። አንድም ዶላር ወደዚህ አላመጣሁም። ባለቤቴ «ብሩ እዚያው ስለሆነ አይመለከተንም» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ቅጣቱ ቤቱን ያሸጥሻል» ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይረጋጉ፤ ቤትዎን የሚያሸጥ ነገር አልታየኝም። ባለቤትዎ ግን ተሳስተዋል። አሜሪካ ዜጋዋንና ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ገቢው ከየትም አገር ቢመጣ ታክስ ትጠይቃለች፤ ብሩ ድንበር መሻገር አለመሻገሩ ለውጥ የለውም። ወንድምዎ ኪራዩን በእርስዎ ስም በተቀበሉ ዕለት ገቢው የእርስዎ ሆኗል። በየዓመቱ ታክስ ስታሠሩ ስኬጁል ኢ በሚባለው ቅጽ ላይ መግባት ነበረበት።

ማሳወቅ አለብዎት ማለት ግን የግድ ይከፍላሉ ማለት አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ባለማወቅ በከንቱ ይሸሻሉ። ከኪራዩ ላይ የቤቱ የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም የተሠራበት ዋጋ በየዓመቱ እየተከፋፈለ፣ ይነሳል። ውጭ አገር ያለና እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ መከራየት የጀመረ መኖሪያ ቤት በ30 ዓመት ይከፋፈላል፤ የሚሰላውም ገንዘቡ በወጣበት ጊዜ ምንዛሪ ነው። በ2019 ዶላሩ 29 ብር ገደማ ስለነበር 4 ሚሊዮኑ 138 ሺህ ዶላር አካባቢ ይሆናል፤ በዓመት 4,600 ዶላር ማለት ነው። ቤቱ 270 ቀን ተከራይቶ 35 ቀን እናንተ ስለምትገቡበት፣ የኪራዩ ድርሻ 4 ሺህ ዶላር ያህል ነው።

አሁን የኪራዩን ገቢ እንይ። 360 ሺህ ብር፣ ዶላሩን 120 ብር ብንይዘው፣ 3 ሺህ ዶላር ነው። የእርጅና ቅናሹ ብቻውን ይውጠዋል፤ ለአሜሪካ የሚከፈል አይኖርም ማለት ነው። ብር ከመውረዱ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2023 ዶላሩ 55 ብር ገደማ ስለነበር ያው ኪራይ 6,500 ዶላር ይሆናል፤ 2,500 ያህሉ ታክስ ይነካዋል። የታክስ እርከናችሁ 22 በመቶ ከሆነ 550 ዶላር ግድም ነው።

እዚህ ላይ ወንድምዎ የከፈሉት ግብር ይደርስልዎታል። በአሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል የገቢ ታክስ ስምምነት ባይኖርም፣ በአሜሪካ በራሷ ሕግ ለውጭ መንግሥት የተከፈለ የገቢ ግብር በፎርም 1116 ይካካሳል። በኢትዮጵያ ደረጃ ሐ የሚባለው አነስተኛ ግብር ከፋይ የኪራዩ ግማሽ በወጪነት ይያዝለት ነበር፤ በጊዜው በነበረው ሠንጠረዥ ቀሪው 180 ሺህ ብር 45 ሺህ ብር ግብር ያስከፍላል። በ55 ብር 800 ዶላር ያልፋል። ስለዚህ 550ውን ይሸፍናል፤ የተረፈውም ለቀጣይ 10 ዓመት ይተላለፋል።

ነገር ግን ደረሰኙ በማን ስም ነው? ወንድምዎ በራሳቸው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከፍለው ከሆነ፣ ግብሩ የእርስዎ ዕዳ እንደነበረ ማሳየት ያስቸግርዎታል። ቀኑም ይታያል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024) ነው። ደረጃ ሐ ይከፍል የነበረው ሐምሌ ውስጥ ስለነበር፣ ወሩ እንደገባ የተከፈለ በ57 ብር ይመነዘራል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት የተከፈለ ግን በዶላር በጣም ያንሳል። ለዚህ ነው ደንበኞቼን ደረሰኝ፣ ደረሰኝ እያልኩ የምጨቀጭቃቸው።

ስለ እረፍታችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቱ በዓመት ከ14 ቀን ወይም ከተከራየበት ቀን 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው በላይ ከገባበት ቤቱ እንደ መኖሪያ ይታያል። የእናንተ ጣሪያ 27 ቀን ነው፤ 35 ስለምትቆዩ አልፋችኋል። በዚህ ምክንያት ወጪው ከኪራዩ ቢበልጥ ኪሳራውን ከደመወዛችሁ ላይ መቀነስ አትችሉም፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። እናትዎ ወይም እህትዎ እንግዳ ሆነው ያደሩበት ቀንም እንደ እናንተው ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ ቤቱን ሲያድሱ የዋሉበት ግን አይቆጠርም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የወንድምዎ የባንክ ሒሳብ ነው። ሌላ ሰው በራሱ ስም ለእርስዎ የሚያስቀምጠው ገንዘብ እንደ እርስዎ ሒሳብ ይታያል። ውጭ አገር ያሉ ሒሳቦችዎ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን መግለጫ ማስገባት ግዴታ ነው። ዶላሩ 57 ብር በነበረበት ጊዜ 570 ሺህ ብር ለዚህ ይበቃ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ የተጠራቀመ ኪራይ ይህን ሳያልፍ አይቀርም። የሥራ ባልደረባዎ የሰማችው ከባድ ቅጣትም የዚህ ነው።

መውጫ ግን አለው። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ሆን ብለው ላልደበቁ ሰዎች ስትሪምላይንድ የሚባል መንገድ አበጅቷል። የሦስት ዓመት ታክስ ተስተካክሎ፣ የስድስት ዓመት ኤፍባር ገብቶ፣ ለምን እንዳላሳወቁ በራስዎ ቃል ጽፈው ይፈርማሉ። ቅጣቱ ከባንክ ሒሳቡ ላይ 5 በመቶ ነው፤ በራስዎ ስም ያለ ቤት ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ይህ በር የሚሠራው አይአርኤስ ምርመራ ሳይጀምርብዎት ነውና አያዘግዩት። የሚፈርሙበት ጽሑፍ ነውና እውነቱን፣ ባለቤትዎ ያሉትንም ጨምረው፣ እንዳለ ይጻፉት።

እስከዚያው ወንድምዎን ሒሳቡ ከተከፈተ ጀምሮ ያለውን የባንክ መግለጫ፣ የግብር ደረሰኞቹን፣ የኪራይ ውሉንና የግንባታውን ደረሰኞች ፎቶ አንስተው እንዲልኩልዎ ይጠይቋቸው። በሚቀጥለው ክረምት ሲሄዱ ደግሞ የባንክ ሒሳብ በራስዎ ስም ይክፈቱ፤ ግብሩም በእርስዎ መለያ ቁጥር እንዲከፈል ለወንድምዎ ውክልና ይስጡ።