መልስ፦ ኢሙሌተር አበቃለት ወይ?

ሰላም ወንድሜ። «ኔንቲዶ ዩዙን ካዘጋ በኋላ ኢሙሌተር አበቃለት ወይ? ላፕቶፔ ላይ ያለውን ፒሲኤስኤክስ 2 ላጥፋው?» ብለሃል። አታጥፋው። ኢሙሌተር ማለት የጌም ማሽንን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው፤ ዩዙ የኔንቲዶ ስዊችን ያስመስል ነበር፣ ፒሲኤስኤክስ 2 ደግሞ ፕሌይስቴሽን 2ን።

ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል አይደለም። ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር የሠራውን ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ ከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ወስኗል። ዩዙን ጣጣ ውስጥ የከተተው ሌላ ነው፤ የስዊች ጌሞች የተቆለፉበትን ምስጠራ መፍታቱ። ቁልፉን መስበር እዚያ አገር ለብቻው የተከለከለ ነው። ክሱም ክርክር ሳይደረግበት በ2024 በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። የኔንቲዶ 3ዲኤስ ኢሙሌተር የነበረው ሲትራም አብሮ ሄደ። ጊትሃብ በተባለው የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ የነበሩ ከ8,000 በላይ የዩዙ ቅጂዎችም ወረዱ። በዚያው ዓመት ሌላው የስዊች ኢሙሌተር ሪዩጂንክስ ቆመ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የድሮዎቹ ጌሞች ጉዳይ ነው። እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ግባ። ልጆቹ የተጫጫረውን ዲስክ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ይከቱታል፤ ሌንሱ ደክሟል፣ ያንገራግራል። ፕሌይስቴሽን 2 መመረት ካቆመ ቆየ። በ2023 የወጣ የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ እንደሌሉ አሳይቷል። ታዲያ እነዚህን ከኢሙሌተር ሌላ ማን ያቆያቸዋል?

ደግሞም ፒሲኤስኤክስ 2፣ ዶልፊን፣ ፒፒኤስኤስፒፒ የተባሉት ኢሙሌተሮች አሁንም እየተሠሩ ነው፤ ከራሳቸው ድረ ገጽ አውርድ። ጌሙንና ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ከራስህ ዲስክና ማሽን ቅዳ። ቴሌግራም ላይ «አዲሱ ዩዙ» እየተባለ የሚለጠፈውን ግን እንዳትነካው፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላል።