ካርዷ ተቀይሮ ብሯ ለወጣባትና የቤት ብድር ወለድ ለጨመረባት እህታችን

እህቴ፣ አይዞሽ። ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። የምትኖሪው ኮዬ ፈጬ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኤቲኤም ላይ ካርዱ እምቢ ሲልሽ አንድ «ልርዳሽ» ባይ ጠጋ ብሎ ፒንሽን አየና ካርድሽን በሌላ ካርድ ቀየረብሽ። ቤትሽ ሳትደርሺ ብር መውጣት ጀመረ። ከፊሉ በጥሬው ወጣ፣ ከፊሉ ወደ ሌላ ሰው አካውንት ተላለፈ። ባንኩ «ፒኑ በትክክል ገብቷል፣ እኛን አይመለከትም» አለሽ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የቤት ብድርሽ ወለድ ከ14 ወደ 17 በመቶ ማደጉ በኤስኤምኤስ ደረሰሽ።

ከላይ «ተይው፣ ከባንክ ጋር ክርክር አያዋጣም» ያላችኋት አላችሁ። እኔ አልስማማም። ባለቤቴ ላይ ይሄው ነገር ደርሶ ሙሉውን ባይሆንም ብር አስመልሰናል። የባንኩን ስም ልተወው።

ያየሁት ነገር ቢኖር ባንክ ውስጥ በቃል የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ መቆጠሩ ነው። እኛን ያስተናገደችን ኦፊሰር በጣም ትሁት ነበረች። «ችግር የለም፣ እናየዋለን» እያለች ስልካችንን በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጻፈች። ብጣሿ የት እንደገባች እግዜር ይወቅ። ነገሩ የተንቀሳቀሰው ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ይዘን ሄደን፣ በእኛ ኮፒ ላይ ቀን፣ ፊርማና ማህተም ካረፈበት በኋላ ነው። ማህተሙን ሲያዩ ማናጀሩም ድምፁ ተለወጠ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለካ ለባንክም ይሠራል።

ደብዳቤው ላይ ምን ይጻፍ? «ተዘረፍኩ፣ ብሬን መልሱልኝ» ብቻ ከሆነ መልሱ ያው «ፒኑ ትክክል ነው» ይሆናል። መጀመሪያ ስቴትመንት አውጪ። እያንዳንዱ ብር የወጣበትን ሰዓትና ማሽን እንዲነግሩሽ በደብዳቤው ጠይቂ። ከዚያ ካርዱ እንዲዘጋ የደወልሽበትን ሰዓት ከስልክሽ ላይ ስክሪንሾት አንሺና አያይዢው። ሁለቱን ሰዓት አስተያዪ። ከደወልሽ በኋላ የወጣ ብር ካለ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል፤ እንዲዘጋ የተነገረን ካርድ ክፍት የተወው ባንኩ ነዋ! እኛ ዋናውን ክርክር ያደረግነው እዚህ ላይ ነበር። ሌላው፣ በቀን ከሚፈቀደው ጣሪያ በላይ ወጥቶ እንደሆነ እዪ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ልንገርሽ። ካርዱ የባንክሽ ይሁን እንጂ ማሽኑ የሌላ ባንክ ሊሆን ይችላል። የባንኮቹ ኤቲኤሞች ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው ኢትስዊች በኩል ስለተያያዙ የአንዱ ካርድ ከሌላው ማሽን ብር ያወጣል። የካሜራው ቅጂ ያለው ግን የማሽኑ ባለቤት የሆነው ባንክ ዘንድ ነው። አንቺ የራስሽን ቅርንጫፍ ስትለምኚ የሌላው ባንክ ካሜራ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለሁለቱም ባንክ ጻፊ። «የዚህ ቀን፣ የዚህ ሰዓት ምስል እንዳይጠፋ ተቀምጦ ይቆይልኝ» በይ። ምስሉን ለአንቺ አያሳዩሽም፤ ለፖሊስ ደብዳቤ ነው የሚሰጡት። አንቺ የምትፈልጊው እስከዚያ እንዳይጠፋ ነው።

የፖሊሱን ነገር በተመለከተ እኛ ዳር ያለን ሰዎች ትንሽ ፈተና አለብን። ቤትሽ አንድ አስተዳደር፣ ማሽኑ ሌላ አስተዳደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባው ወደ ሸገር ከተማ፣ የሸገሩ ወደ አዲስ አበባ ሲልክሽ ቀኑ ይመሻል። ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ ያለው ጣቢያ ነው ቃልሽን መቀበል ያለበት፤ የምትኖሪበት አይደለም። «ይሄ የባንክና የደንበኛ ጉዳይ ነው» ካሉሽ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዳለ በትህትና አስታውሺ። በሰው ካርድ ከሰው ሒሳብ ብር ማውጣት ወንጀል ነው፣ አለቀ።

ወደ ሌላ አካውንት ለተላለፈው ብር ቶሎ ሩጪ። በጥሬው የወጣው ሌባው እጅ ገብቷል። የተላለፈው ግን የተቀባይ ስም አለው። የባለቤቴ ብር የገባበት አካውንት በፖሊስ ደብዳቤ ሲታገድ ውስጡ የቀረ ነበር፤ የተመለሰልን እሱ ነው። ደላላ መሳይ ሰው «እኔ አስወጣልሻለሁ፣ ትንሽ ጣል አድርጊ» ካለሽ ስልኩን ዝጊ። ከባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ በኤስኤምኤስ የመጣልሽን ቁጥር የሚጠይቅም ያው ሌባው ነው።

ባንኩ በጽሑፍ እምቢ ካለሽ ወይም ዝም ካለሽ ወደ ብሔራዊ ባንክ ነው። የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አላቸው። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ግን «ለባንክሽ አቤት ብለሻል ወይ?» ነው። ማህተም ያለባት ኮፒሽ እዚያ ታስፈልጋለች።

አሁን ወደ ወለዱ። እዚህ ላይ መልሴ ያን ያህል ደስ አይልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የብድር ወለድ ከ12 በመቶ አይበልጥም ብሎ የጻፈልሽ ሰው አለ። ባንኮች የሚመሩት በዚያ ሳይሆን በራሳቸው ሕግና በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ሲጀምር ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለዱን፣ ማለትም የገበያውን ወለድ የሚመራበትን ምጣኔ፣ 15 በመቶ ብሎ ተነሳ። ብድር ይወደዳል ብሎ መጠበቅ ከዚያ ወዲህ የዋህነት አይደለም። ውልሽን አውጪና «ባንኩ ወለዱን ማሻሻል ይችላል» የሚል አንቀጽ ፈልጊ። ካለ፣ መጨመሩን ከመከራከር አጨማመሩን ብትመረምሪ ይሻልሻል። የ20/80 እና የ40/60 የኮንዶሚኒየም ውል ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ውል አንብቡ፣ በእሷ አትለኩት።

ለምን እንደምልሽ በቁጥር እዪው። 1 ሚሊዮን ብር ለ20 ዓመት በ14 በመቶ ከሆነ ወርሃዊው ወደ 12,435 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ከዚያ ውስጥ 11,667ቱ ወለድ ነው፣ ዋናውን የሚቀንሰው 768 ብር ብቻ። ወለዱ 17 በመቶ ሲሆን የወሩ ወለድ ብቻውን 14,167 ይሆናል። ስለዚህ ባንኩ ወለዱን ጨምሮ ወርሃዊ ክፍያውን ሳይነካ ከተወውና አንቺም ያንኑ 12,435 መክፈል ከቀጠልሽ፣ በየወሩ እየከፈልሽ ዕዳሽ ያድጋል! ሰው ከዓመታት በኋላ ቀሪ ሒሳቡን ጠይቆ የሚደነግጠው እንዲህ ሆኖ ነው። አዲሱ ወርሃዊ ክፍያ ወደ 14,668 ነው መሆን ያለበት።

ስለዚህ አዲሱን የክፍያ ሰንጠረዥ በጽሑፍ ጠይቂ። ወለዱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደታሰበ፣ ቀሪ ዋና ብድርሽ ስንት እንደሆነ ይኑርበት። ወደ ሌላ ባንክ አዛውሪው ያሉሽ ቅን ሰዎች ናቸው፣ ግን ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ሊያድግ በሚችለው መጠን ላይ ጣሪያ ጥሎ ነበር፤ ባንክ ሁሉ በቀላሉ ብድር ላይሰጥሽ ይችላል። የመያዣው ማስለቀቂያና የንብረት ግምት ወጪም አለ። እኔ ብሆን አቅሜ በፈቀደ መጠን ከፍ አድርጌ እከፍላለሁ። ከላይ ባለው ምሳሌ በ17 በመቶ ላይ በየወሩ 1,000 ብር ብትጨምሪ 20 ዓመቱ ወደ 14 ገደማ ይወርዳል። ሲጨምሩ ግን «ለዋናው ብድር ይቀነስ» ብሎ መጻፍ ነው፤ አለበለዚያ ለሚቀጥለው ወር ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውም ውሉን እዪ።

ለካርዱ አንድ ደብዳቤ፣ ለብድሩ ሌላ ደብዳቤ ጻፊ፤ አንድ ላይ ከደባለቅሽው ብድር ክፍል ወደ ካርድ ክፍል፣ ካርድ ክፍል ወደ ብድር ክፍል ይልክሻል። ረቂቁን ከፈለግሽ የኛን ስማችንን አጥፍቼ ልልክልሽ እችላለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።